ባሻ ይርዳው ከፍልፈል ጋር የተዋጉ ጊዜ

በእኛ በኩል አንድ ሰው በትንሽ ነገር ተናዶ ትልቁን ነገሩን ሲያበላሽ፣ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ አድርጎ የሚጥላት አንዲት አባባል አለች። ሰምቷት የማያውቅ የለም። ከየት መጣች ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ይቺ አባባል ቆቅ ውሃ ከምትባል መንደር፣ ከባሻ ይርዳው የድንች ማሳ ውስጥ ነው የወጣችው። ነገሩ እንዲህ ነበር።

ባሻ ይርዳው በወጣትነታቸው የአገረ ገዢው ዘብ ሆነው ያገለገሉ፣ በመጨረሻም የባሻነት ማዕረጋቸውንና አንድ አሮጌ ካፖርት ይዘው ወደ መንደራቸው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ካፖርቱን በበጋም አያወልቁትም። ከቤታቸው ዝቅ ብሎ፣ የመስኖ ቦይ በጎኗ የሚያልፍ አንዲት ማሳ ነበረቻቸው። ቆቅ ውሃ ተዳፋት አገር ነው፤ ሰዉ ሲያርስ አንድ እግሩ ሁልጊዜ ከሌላው ከፍ እንዳለ ነው። የባሻ ማሳ ግን ለጥ ያለች ሜዳ ነበረች። እንግዳ ሲመጣባቸው ወደ ቤት ከማስገባታቸው በፊት ወደ ማሳዋ ነበር የሚወስዱት። «እስቲ ቁምባት፤ እግርህ ምን ይልሃል?» ይሉታል። እንግዳውም «ሜዳ ነው ይለኛል» ካላለ ምሳ አይቀርብለትም ይባላል።

በዚያ ዓመት ልጃቸውን ትጓደድን ከወንዝ ማዶ ላሉት ለአቶ ሽባባው ልጅ ሊድሩ ተስማሙ። በመተጫጨቱ ቀን ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው ባሻ ተነሡና «ለሙሽሮቹ ሜዳዋን ማሳዬን ከነድንቿ ሰጥቻለሁ!» ብለው ተናገሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እንጉዳይ ካፖርታቸውን ከኋላ ጎተት ቢያደርጉም ቃሉ ከአፍ ወጥቷል። አቶ ሽባባው ቃል የማያበዙ፣ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። «እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው በደብረ ዘይት እሑድ መጥተን መሬቱን በዓይናችን እንይ። ሠርጉም ለዳግማይ ትንሣኤ ይሁን» አሉ። በዚሁ ተለያዩ።

ዐቢይ ጾም በገባ በሳምንቱ ባሻ እንደ ልማዳቸው ጠዋት ማሳቸውን ሊጎበኙ ወረዱ። መካከሏ ላይ የቆብ ያህል የአፈር ጉብታ ተቀምጣለች። ትኩስ ናት፤ ገና አልደረቀችም። አጠገቧ የነበረው የድንች ተክል ቅጠሉ ጠውልጎ ተኝቷል።

«እንጉዳይ! ኧረ አንቺ እንጉዳይ! ማነው ማሳዬን የቆፈረ?»

ወይዘሮ እንጉዳይ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩና «ፍልፈል ናት» አሉ።

«ፍልፈል? በእኔ ማሳ?»

«ታዲያ በማን ማሳ ትግባ? ድንች ያለው እርስዎ ዘንድ ነው። አሥር ሃያ ድንች ትበላና ትሄዳለች። ይተዋት።»

ባሻ ግን የሰሙት ሌላ ነበር። አማቾቻቸው በሰልፍ ቆመው፣ አቶ ሽባባው በጣታቸው ወደ ጉብታዋ እያመለከቱ «ሜዳ ያሉን ይህን ነው?» ሲሉ ነው የሰሙት። ጆሯቸው ጋለ። ዶማቸውን ይዘው ተመለሱና ጉብታዋን እየረገጡ ደለደሏት። በማግስቱ ሁለት ሆነች። እነዚያንም ደለደሉ። በሦስተኛው ቀን ሰባት ሆኑ፤ አንዷ ደግሞ ባሻ ትናንት ቆመው በነበረበት ቦታ ላይ፣ ልክ በጫማቸው ዱካ መካከል ነበረች።

«አየሽ?» አሉ ባለቤታቸውን ጠርተው። «ዱካዬ ላይ! ይሄ ለሆዱ የመጣ አይደለም። ይሄ የሚያውቀኝ ነው።»

«ማን ነው የሚያውቅዎ?»

«ፍልፈሉ ነዋ!»

ባሻ ያሰቡት የመጀመሪያ ዘዴ ውሃ ነበር። ቦዩን ቆረጡና ውሃውን በሙሉ ወደ ፍልፈሉ ጉድጓድ መለሱት። «ጠጥቶ ይፈንዳ!» ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ውሃው ይገባል፤ ጉድጓዱ አይሞላም። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ይገባል። አምስት ሰዓት ሆነ፤ አሁንም ይገባል። ባሻ የምድርን ሆድ ማሰብ ጀመሩ፤ ምን ያህል ቢሰፋ ነው እያሉ።

ቀትር ሲሆን ከታች በኩል እልልታ ተሰማ። እልልታው የመጣው ከአባ ሞገሴ ቤት ነው። አባ ሞገሴ ከባሻ ማሳ በታች ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቀኑን ሙሉ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ የሚገምዱ ሽማግሌ ናቸው። ባሻ ሮጠው ሲደርሱ የሴቱ ብዛት ለጉድ ነው፤ ቅል የያዘ፣ ገንቦ የያዘ፣ የሚይዘው ያጣ ደግሞ ነጠላውን እየነከረ።

«ምንድን ነው?» አሉ ባሻ።

«ጸበል ፈለቀ!» አለቻቸው አንዲት ሴት። «ከአባ ሞገሴ መደብ ስር! ወይዘሮ ድንቄ ጉልበቷን ነክራ ይኸው ዘለለች!»

እውነትም ወይዘሮ ድንቄ እየዘለለች ነበር። ቄሱ ከበሩ ቆመው «ትንሽ እንታገሥ ልጆቼ፣ እስኪመረመር እንታገሥ» ቢሉም የሚሰማቸው የለም። ባሻ በሰው መካከል ተሽሎክልከው ገቡ። ከመደቡ ስር ቡናማ ውሃ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሰዉ እያየ ሳለ ውሃው ጉርር አለና አንዲት ክብ ድንች ብቅ አደረገ። እልልታው ቀለጠ። ባሻ ግን ድንቿን እንዳዩ አወቋት፤ የራሳቸው ናት። ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ፣ ዳገቱን እያለከለኩ ወጥተው ቦዩን ዘጉ። ጸበሉም ቆመ። መንደሩ «ኃጢአተኛ ሰው ገብቶ አይቶት ነው» ብሎ ደመደመ። ሳያውቁ እውነቱን ተናገሩ።

በማግስቱ አባ ሞገሴ ምርኩዛቸውን ይዘው ከአጥሩ ብቅ አሉ።

«ይርዳው፣ ጸበሌ ደረቀ።»

ባሻ አንገታቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ቀበሩ። «ሰማሁ አባ።»

«ድንቿን ቀቅዬ በላኋት። ያንተን ድንች ጣዕሙን አጥቼው አላውቅም። ልጄ፣ እኔ ሰማንያ ዓመት ከፍልፈል ጋር ኖሬያለሁ። ጉድጓዷን ቆፍራ፣ ሆዷን ሞልታ ትሄዳለች። አንተም አሁን ዶማህን አስቀምጥና ግባ፤ ጾም ነው።»

ምክሩ ጥሩ ነበር። ባሻም ሊሰሙት ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ ዓይናቸው በሽማግሌው ትከሻ ላይ አልፎ ወደ ማሳው ሄደ፤ ስምንተኛዋ ጉብታ እያዩዋት፣ በቀን ብርሃን፣ አፈር እየተፋች ስትነሣ አዩ።

ጓንጉል የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። የት አገር ሰው እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ትከሻው ላይ የጭራ ሸምቀቆ በጥቅል፣ እጁ ላይ ጫፉ የተቆረጠ የበሬ ቀንድ ይዞ «የፍልፈል ችግር ያለበት ቤት የቱ ነው?» እያለ መጣ። ባሻ ሲያዩት ዘመድ የመጣላቸው ያህል ደስ አላቸው። ጓንጉል ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ ማሳው ላይ በሆዱ ተኛና የቀንዱን አንድ ጫፍ መሬት፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ።

«ምን አለ?» አሉ ባሻ በሹክሹክታ።

«ዝም በሉ፣ እየበላ ነው።»

ባሻ ጥርሳቸውን ነከሱ።

ጓንጉል ተነሥቶ አፈሩን አራገፈ። «ጌታዬ፣ ይሄ ተራ ፍልፈል አይደለም። ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም። ግን እይዘዋለሁ። ደመወዝ አልጠይቅም። ፍልፈሉን እስክይዝ ድረስ ቀለቤ ከዚሁ ማሳ ይሁን። ሌላው ደግሞ የት ቆፈርክ፣ ለምን ቆፈርክ ተብዬ እንዳልጠየቅ።»

«በማዕረጌ እምልልሃለሁ!» አሉ ባሻ። አባ ሞገሴም ምስክር ይሁኑ ተብለው ከገመዳቸው ተጠሩ። ወይዘሮ እንጉዳይ ከበሩ ሆነው ይህን ሁሉ ሰሙና «ባሻ» አሉ ረጋ ብለው፣ «እስኪይዝ ድረስ የሚቀለብ ሰው ምን አጥቶ ይይዛል?»

«የሴት ነገር!» አሉ ባሻ። ነገሩ እንደዚያ ሆኖ አለቀ።

ጓንጉል ቆፋሪ ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። በመጀመሪያው ቀን «መንገዱን ለመቁረጥ» ብሎ ማሳዋን በአንድ ረጅም ቦይ ለሁለት ከፈላት። በሁለተኛው ቀን «መሸሻውን ለመዝጋት» ለአራት ከፈላት። ከዚያ በኋላ ለምን እንደሚቆፍር መናገሩንም ተወው፤ ውሉም እንደዚያ ነበር። ሲበላ ደግሞ ሌላ ነው። መንደሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፤ ጓንጉል ግን «ከአውሬ የሚዋጋ ሰው ዘጠኝ ሰዓት አይጠብቅም» ብሎ ገና ጠዋት ድንች ቅቅል በአዋዜ ይጀምራል። ወይዘሮ እንጉዳይ አንድ ቀን ሁለት ቁና ሙሉ ድንች ቀቅለው አቀረቡለትና ባዶውን ዕቃ ለባላቸው አሳዩ።

«ፍልፈሏ ይህን ለመብላት ስንት ወር ይፈጅባታል ብለው ያስባሉ?»

«ጓንጉል የበላው ለእኔ ሲል ነው» አሉ ባሻ።

ጓንጉል በየቀኑ በቀንዱ እያዳመጠ ወሬ ያመጣላቸዋል። «ዛሬ ተኝቶ ዋለ፤ ፈርቶናል» ይላል። ሌላ ቀን «ሚስት አግብቷል» ይላል። ባሻ ሌላውን ሁሉ ቻሉ፤ ይህችን ግን አልቻሉም። የሳቸው ልጅ ሠርግ በፍልፈል ሰበብ ሊታጎል፣ ፍልፈሉ በሳቸው መሬት ይዳር? ምግብ አልበላ አላቸው። ትጓደድ አባቷ ካፖርታቸውን ለብሰው በጉብታዎቹ መካከል ሲዘዋወሩ ከመስኮት እያየች አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ታለቅሳለች። የምትወደውን ልጅ በፍልፈል ምክንያት እንዳታጣ ፈርታለች።

ደብረ ዘይት አሥር ቀን ሲቀረው ባሻ ከኃይል ይልቅ ሽምግልና ይሻላል ብለው አሰቡ። ሦስት ሽማግሌ ለመኑ፤ አባ ሞገሴም አሉበት። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። የባሻን ዓይን ሲያዩ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባቸው፤ ሰው ሲለምን ደግሞ እንቢ ማለት ነውር ነው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በትልቋ ጉብታ ፊት ቆሙ። ለጥቂት ጊዜ ማን ይጀምር ተባባሉ። በመጨረሻ አባ ሞገሴ «እንደምን ዋልክ» አሉ ወደ መሬት።

ጆሯቸውን ወደ ጉብታዋ ዘንበል አደረጉና ቀጠሉ።

«ባሻ ይርዳው ልከውን ነው። ልጅ ሊድሩ ነው። አማች ሊመጣባቸው ነው። በድለውህ ከሆነ ይካሱሃል። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ብቻ ወደ ላይኛው ዳገት ዞር በልላቸው። ከዚያ ወዲያ ከሙሽሮቹ ጋር ትጨራረሳላችሁ።»

ሁሉም አጎንብሰው ጠበቁ። ከጉብታዋ ጫፍ ላይ አንዲት የአፈር ጓል ተንከባለለችና ከአንዱ ሽማግሌ እግር ስር ቆመች።

«እሺ አለ!» አሉ እግራቸው ስር የቆመችባቸው ሽማግሌ።

«ምን እሺ አለ፣ ወረወረብህ እንጂ!» አሉ ሌላው።

«እኔን ነው የሚወረውርብኝ? አንተ ማን ሆነህ ነው የፍልፈል ቋንቋ የምትተረጉም?»

ነገሩ እየከረረ ሄዶ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተኳርፈው በየፊናቸው ሄዱ። እነሱን ለማስታረቅ ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች ተለመኑ። ሳምንት ፈጀ።

ረቡዕ ማታ ባሻ ማሳቸውን አዩ። ድፍን ማሳዋ የቦይ መረብ ሆናለች፤ ጉብታዎቹ ሠላሳ አንድ ደርሰዋል፤ ጓንጉል አንድ ጥግ ላይ ድንች ይልጣል። ያን ጊዜ ታላቁ ሐሳብ መጣላቸው። ደቦ ጠርተው ማሳዋን በሙሉ ሊያነሷት! «ድንቹን ከነቅጠሉ እንነቅላለን» ብለው ለመንደሩ አስረዱ። «አፈሩን እስከ ወገብ ድረስ አውጥተን በዳር እንከምራለን። ፍልፈሉ መግቢያ ያጣል፤ እንይዘዋለን። ከዚያ አፈሩን መልሰን፣ ደልድለን፣ ድንቹን እንደነበረው እንተክላለን። እሑድ አማቾቼ ሲመጡ ሜዳ ያያሉ። ማንም አያውቅም።»

«ማንም አያውቅም?» አሉ አባ ሞገሴ። «አርባ ሰው እየቆፈረው?»

ሆኖም ደቦ ደቦ ነው፤ የተጠራ አይቀርም። ሐሙስና ዓርብ አርባ ሰው ቆፈረ። አርባ ሰው ከቆፈረ ደግሞ መብላቱ አይቀርም፤ ወይዘሮ እንጉዳይ ቤት ውስጥ ያለው ነገር ሲያልቅ የተነቀለውን ድንች መቀቀል ጀመሩ። ዓርብ ማታ ማሳዋ ወገብ ድረስ ጠልቃ፣ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ጉድጓድ ሆነች። ከድንቹም የቀረው ቅጠሉ ብቻ ነበር። ፍልፈሉ አልተገኘም። ጓንጉል ቀንዱን ጆሮው ላይ አድርጎ «ወደ ታች ወረደ» አለ።

«ምንም አይደል፤ ነገ አፈሩን እንመልሳለን» አሉ ባሻ።

«ነገ?» አሉ ቄሱ፣ ሊያዩ መጥተው ኖሮ። «ነገ ቅዳሜ፣ ሰንበት ነው። ከነገ ወዲያ እሑድ ነው። በሁለቱ ሰንበት በቆቅ ውሃ ምድር ዶማ የሚያነሣ ሰው ካለ ንስሐ አልሰጠውም።»

አርባው ሰው ዶማውን ተሸክሞ ወደየቤቱ ሄደ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በዳር የተከመረው አፈር ተንዶ ቦዩን ደፈነው። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ጉድጓዱን አገኘ። እሑድ ሲነጋ ባሻ ወርደው ሲያዩ በማሳቸው ቦታ ሐይቅ ተኝቷል። ነፋስ የሚያማታው፣ ሁለት ዳክዬዎች ያረፉበት፣ ጥሩ ሐይቅ።

ባሻ አላለቀሱም። ይልቅ ዳር ላይ የተከመረውን የድንች ቅጠል ትኩር ብለው ተመለከቱት። ቅጠሉን በክንዳቸው እያቀፉ ውሃው ላይ ይበትኑት ጀመር። ቅዳሴ እስኪወጣ ሠሩ። ዳክዬዎቹን አባረሩ። ሲጨርሱ ወደ ኋላ አፈገፈጉና አዩ፤ ውሃው አይታይም። ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ፣ ለጥ ያለ፣ ጉብታ የሌለበት ማሳ ነው። ማሳቸው በሕይወት ዘመናቸው እንደዚያ አምራ አታውቅም። ለአፍታ ራሳቸውም አመኑ።

አማቾቹ ከቅዳሴ በኋላ በበቅሎ መጡ። አቶ ሽባባው ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ባሻ እንደ ልማዳቸው ወደ ማሳው ይዘዋቸው ወረዱ፤ ዛሬ ግን ራቅ አድርገው ነው ያቆሟቸው።

አቶ ሽባባው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ እኚያ ቃል የማያበዙ ሰው «ባሻ» አሉ፣ «እውነቱን ልንገርዎ፤ እያጋነኑ መስሎኝ ነበር። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሜዳ አላየሁም።»

ባሻ ደረታቸው ሞላ። ሃያ ቀን ሙሉ ሲጠብቁት የነበረ ቃል ነው።

«እስቲ ልቁምባት» አሉ አቶ ሽባባው፣ ከበቅሎ እየወረዱ።

«ኧረ ግድ የለም! ከዚህ ይታያል!»

«የልጄ መሬት አይደል? እግሬ ይንካት እንጂ።»

ባሻ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ውሃ ነው፣ ይቁሙ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ቃሉ ሁሉ ጉሮሯቸው ድረስ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ያ ሙገሳ ገና ጆሯቸው ላይ ነበር፤ አንድ እርምጃ፣ አንድ እርምጃ ብቻ ይቆይልኝ እያሉ ዘገዩ። አቶ ሽባባው ቀኝ እግራቸውን ድንቹ ላይ አሳረፉ። ማሳዋ ተከፈተችና ዋጠቻቸው።

ያን ጊዜ ባሻ አላሰቡም። ካፖርታቸውን እንደለበሱ ዘለው ገቡ። ጭቃውን እየቀዘፉ አማቻቸውን በብብታቸው ይዘው አቆሟቸው። ሁለቱም እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ፣ የድንች ቅጠል ራሳቸው ላይ እንደ ጉንጉን ተንጠልጥሎ፣ ተፋጠጡ።

«ባሻ» አሉ አቶ ሽባባው ውሃ እየተፉ፣ «ማሳው የት ነው?»

«የቆሙበት ነው» አሉ ባሻ። «የበላሁት እኔ ነኝ። ፍልፈል ገባብኝ፣ እልህ ያዘኝ። ልጂቷ ምንም አላጠፋችም፤ በእኔ አይፍረዱባት።»

ይህን እያሉ ሳለ ከሐይቁ ዳር፣ ከተናደው አፈር ውስጥ፣ ውሃው ያስወጣት አንዲት ነገር ብቅ አለች። ከጡጫ አትበልጥም። ፀጉሯ ረጥቦ ከገላዋ ተጣብቋል፤ ሁለት ቢጫ ጥርሶቿ ወደ ፊት ወጥተዋል፤ ዓይን ያላት አትመስልም። ራሷን አራገፈችና በአማቾቹ እግርና በበቅሎዎቹ ኮቴ መካከል ተንገዳግዳ አለፈች። ማንም አልነካትም። ባሻ ከውሃው ውስጥ ሆነው በዓይናቸው ተከተሏት።

«ይቺ ናት?» አሉ። «ይቺ?»

«አልኩዎት እኮ አስወጣታለሁ ብዬ!» አለ ጓንጉል ድንች እያላመጠ። ቀንዱንና ሸምቀቆውን አነሣ። «ጌታዬ ውሌን ጨርሻለሁ። በወንዙ በኩል ነው የሄደችው፤ ወደ አቶ ሽባባው አገር ማለት ነው። እርስዎስ አቶ ሽባባው፣ ሰው አያስፈልግዎትም?»

«የለም፣ የለም!» አሉ አቶ ሽባባው ከውሃው ውስጥ፣ እንደዚያን ቀን ፈጥነው የተናገሩበት ጊዜ የለም። «እኛ ዘንድ ፍልፈል በጣም ይወደዳል።»

ሁለቱን አባቶች በአባ ሞገሴ ገመድ ጎትተው አወጧቸው። ትጓደድ እየሮጠች መጥታ ለአማቷ ደረቅ ጋቢ አለበሰቻቸው፤ ጎንበስ ብላም ከጫማቸው ላይ ጭቃውን ጠረገች። አቶ ሽባባው አዩዋት። ከዚያ ከሰዎቻቸው ጋር ዞር ብለው ተመካከሩ። የባሻ ካፖርት ውሃ ያንጠባጥባል፤ ባሻም አላወለቁትም፤ ፍርዱን እየጠበቁ ቆሙ።

«እኛ የጠየቅነው ልጂቷን ነው» አሉ አቶ ሽባባው ተመልሰው። «መሬቱን ያመጡት እርስዎ ነዎት። ቃል ግን ቃል ነው።»

«ከቤቴ ጀርባ ያለውን ማሳ ልስጥ» አሉ ባሻ። «የምበላው ከሱ ነበር፤ ግድ የለም። ግን ዳገት ነው።»

«ድንጋይ አለበት?»

«ሞልቶታል።»

«ጥሩ» አሉ አቶ ሽባባው። «ድንጋይ ያለበት መሬት ሰው አይውጥም። ተቀብያለሁ።»

ወይዘሮ እንጉዳይ እልል አሉ፤ ሌላውም ተከተለ። ሰዉ ወደ ቤት መውጣት ሲጀምር ባሻ ብቻ ወደ ኋላ ቀሩ። ዳክዬዎቹ ተመልሰው መጥተው ነበር። ባሻ ሐይቁን አዩት፣ የተቆለለውን አፈር አዩት፣ አባ ሞገሴም አጠገባቸው መጥተው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። ባሻ አንድ ነገር መናገር፣ ትንሽም ብትሆን ክብራቸውን ማዳን ፈለጉ።

«ምንም አይደል አባ» አሉ። «ክረምት ሲገባ ዝናቡ አፈሩን እያጠበ ይደፍነዋል።»

አባ ሞገሴ ጉድጓዱን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ለኩት፤ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ፍልፈል የቆፈረውን ዝናብ ይደፍነዋል፤ እልህ የቆፈረውን ማን ይሞላዋል?»